ስም ያጡ ምስሎች
ስለ ሐረርና ስለ አካባቢዋ ጥንታውያን የመኳንንትና የቤተሰብ ፎቶግራፎች

መግቢያ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያስበው የተጻፈውን ነው። ዜና መዋዕል፥ ደብዳቤ፥ የርስት ውል፥ የመንገደኛ ማስታወሻ ይመረምራል። ከዚያ ቀጥሎ የሽማግሌዎችን ቃል ይጠይቃል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተከቶ የተሰቀለውን፥ ወይም በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ፎቶግራፍ ግን እንደ ቤት ጌጥ እንጂ እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርጎ የሚመለከተው ጥቂት ሰው ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። የተጻፈ ቃል አንባቢ ካገኘ ራሱ ይናገራል፤ ፎቶግራፍ ግን የሚናገርለት ሰው ከሌለ ዝም ይላል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከ1875 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ድረስ በሐረር ከተማና በአካባቢዋ የተነሡትን፥ ወይም የሐረርን ሰዎች የሚያሳዩትን ፎቶግራፎች ነው። ሐረርን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከብዙው የአገራችን ክፍል ቀድሞ ወደዚያ ገብቷል። ሁለተኛ፥ በአንዲት በግንብ በታጠረች ከተማ ዙሪያ ሐረሪውና ኦሮሞው፥ ሶማሌውና አርጎባው፥ ከሸዋ የመጣው ወታደርና መኰንን፥ አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ሕንዱና ዐረቡ አብረው ስለ ኖሩባት፥ በሥዕሎቿ ውስጥ የሚታየው ሰው ብዙ ዓይነት ነው።

ልናሳይ የምንፈልገው ነገር ግን አንድ ነው። ይኸውም ፎቶግራፍ ያለ ስም ግማሽ ማስረጃ መሆኑን፥ ስሙም ቢሆን ሳይመረመር የተቀበሉት እንደ ሆነ ሐሰተኛ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ነው።

1. የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ከተማ ለዓለም የተገለጸው በ1831 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር 1839) ነው። ሐረር በዚያን ጊዜ በአሚሮቿ የምትተዳደርና ለውጭ አገር ክርስቲያን በሯን የዘጋች ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል በተቀመጠ ጊዜ ያየውን ሁሉ ያስቀረው በጽሑፍ ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ሠራዊት ከተማዪቱን ያዘ፤ እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስም ቆየባት። በዚህም ጊዜ የአውሮፓ ነጋዴዎች ወደ ከተማዪቱ መግባት ጀመሩ።

ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ በኋላ በባለ ቅኔነቱ ዓለም ያወቀው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር። ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ለመግዛት በኤደን ለነበረ አንድ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው። ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ አገር ሥዕልና ካርታ ያለው መጽሐፍ ለመጻፍ አስቦ ስለ ነበር ከሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጣ። በ1875 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ራሱን ያነሣባቸውን ሥዕሎች ለእናቱና ለእኅቱ ላከ። አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፥ አንዱ በቡና አትክልት ውስጥ፥ አንዱ ደግሞ በሙዝ አትክልት ውስጥ እጁን አጣምሮ ቆሞ የተነሣው ነው። በደብዳቤውም ሥዕሎቹ የነጡት ለማጠቢያ ያገኘው ውሃ መጥፎ በመሆኑ እንደ ሆነ ይገልጻል። በእርግጥም ዛሬ የምናያቸው ደብዝዘው ነው፤ ፊቱ ከጥላ አይለይም። ያሰበው መጽሐፍ ሳይጻፍ ቀረ፤ መሣሪያውንም ከሁለት ዓመት በኋላ ሸጠው።

ራምቦ ያነሣው ራሱን ብቻ አይደለም። ሶቲሮ የሚባለውን ግሪካዊ የሥራ ባልደረባውን፥ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ፥ በገበያ ተቀምጦ የሚሠራ አንድ ባለ እጅ፥ የገበያውንም ሕዝብ አንሥቷል። ከእነዚህ ሥዕሎች የተረፉት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በትውልድ ከተማው በሻርልቪል በሚገኘው ቤተ መዘክር ይጠበቃሉ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። ግሪካዊው በስሙ ተመዝግቧል። የዕቃ ቤቱ ጠባቂና ባለ እጁ ግን የተመዘገቡት በሥራቸው ነው። ፊታቸው ቀርቷል፤ ስማቸው አልቀረም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል የከበደ መሆኑን በቅርብ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ያስረዳል። በ2002 ዓ.ም. ሁለት ፈረንሳውያን የመጻሕፍት ነጋዴዎች በኤደን በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ የተነሣ ያረጀ ሥዕል አገኘን፥ በሥዕሉም ላይ ከሚታዩት ስድስት ወንዶችና አንዲት ሴት መካከል አንዱ ራምቦ ነው ብለው አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የብዙ ሊቃውንት ክርክር ሆነ። የሌሎቹ ሰዎች ማንነት፥ በኤደን የቆዩበት ወርና ዓመት፥ ሥዕሉ የተነሣበት የመስታወት ሰሌዳ ዓይነት ሳይቀር ተመረመረ። ይህን ሁሉ ድካም የምንነቅፍ አይደለንም፤ እንዲያውም የታሪክ ሥራ እንዲህ መሆን አለበት እንላለን። ነገር ግን ለአንድ ፊት ይህን ያህል የሚደከም ከሆነ፥ በሐረር ገበያ ተቀምጦ ለተነሣው ባለ እጅስ ማን ይድከምለት? ጥያቄው ከፈረንሳይ ሊቃውንት ይልቅ ለእኛ የቀረበ ጥያቄ ነው።

በ1877 ዓ.ም. ደግሞ የኦስትሪያ ሊቅ ፊሊፕ ፓውሊችኬ ወደ ሐረር መጥቶ ስለ ከተማዪቱና ስለ አካባቢዋ ሕዝቦች ጥናት አድርጓል፤ ሥዕሎችንም ይዞ ተመልሷል። በዚያ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ሰውን ፎቶግራፍ የሚያነሡት ብዙ ጊዜ የነገዱ ምሳሌ አድርገው ነበር። ስለዚህ ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው የነገዱ ስም እንጂ የሰውዬው ስም አልነበረም። ሰውዬው ግን ቤት የነበረው፥ አባትና ልጅ የነበረው፥ ዛሬም የልጅ ልጆቹ በዚያው አገር የሚኖሩ ሊሆን ይችላል።

2. ማዕረግና ዘመን፤ የራስ መኰንን ሥዕሎች

በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ አገሩን ለአክስታቸው ልጅ ለመኰንን ወልደ ሚካኤል ሰጡ። ከዚህ በኋላ የሐረር ፎቶግራፍ ሌላ መልክ ያዘ። ቀድሞ የሥዕሉን ነገር የሚወስነው የውጭ አገር ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የሚነሣው መኰንን አቀማመጡን፥ ልብሱንና አጃቢውን ራሱ መወሰን ጀመረ።

በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የመንግሥት ሥራ መሣሪያም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ምስላቸውን ለውጭ አገር ነገሥታትና መልእክተኞች ይሰጡ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላም የንጉሠ ነገሥቱና የመኳንንቱ ምስል በአውሮፓ ጋዜጦችና በፖስታ ካርዶች ላይ ተሠራጨ። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰበሰባቸው ሥዕሎች ዛሬ በዙሪክ ይገኛሉ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሥራውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፍጻሜ ደርሰዋል።

የራስ መኰንንን ምስሎች በምሳሌነት የወሰድናቸው ስለ አንድ የምርመራ ዘዴ ለመናገር ነው። ይኸውም ማዕረግን ከዘመን ጋር ማመሳከር ነው። መኰንን በ1881 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኢጣልያ መልእክተኛ ሆነው ሲሄዱ ደጃዝማች ነበሩ። ራስ የተባሉት በ1882 ዓ.ም. ከተመለሱ በኋላ ነው። በ1894 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሲጭኑ ወደ ለንደን የሄዱት ግን በራስነታቸው ነው። ያረፉትም በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ነው። እንግዲህ በኢጣልያው ጉዞ ጊዜ የተነሣ ነው በሚባል ሥዕል ሥር «ራስ መኰንን» ተብሎ ተጽፎ ብናገኝ፥ ጽሑፉ ከሥዕሉ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ወይም ሥዕሉ የዚያ ጉዞ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ይኸው ዘዴ ለልጃቸውም ይሠራል። ተፈሪ መኰንን የተወለዱት በ1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ነው። በ1898 ዓ.ም. ገና በዐሥራ አራተኛ ዓመታቸው ደጃዝማች ተባሉ፤ በ1909 ዓ.ም. ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ «ይህ አያታችን ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር የተነሣው ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ቢያሳየንና ጽሑፉ በዚያው ጊዜ የተጻፈ ቢሆን፥ ሥዕሉ ከ1898 እስከ 1909 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ እናውቃለን። በሥዕሉ የሚታየው ሕፃን ዕድሜ፥ የከተማው ቤት አሠራር፥ የባቡር ሐዲዱ መኖርና አለመኖር ሲጨመርበት ዘመኑ ይበልጥ ይጠባል። ጥቂት ፊደል ብዙ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

መኳንንቱን ለመለየት የፈረስ ስምም ይጠቅማል። ራስ መኰንን በፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበር። ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስያሜም ከዚህ የመጣ ነው። በሥዕል ጀርባ የፈረስ ስም ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ለማያውቀው አንባቢ የማይታወቅ ሰው ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ግን ሙሉ ስም ነው።

3. የጥምጥሙ ሥዕል

እስካሁን የተናገርነው ስለሚረዳ ጽሑፍ ነው። አሁን ደግሞ ስለሚያሳስት፥ ወይም ቢያንስ ስለሚያከራክር ጽሑፍ እንናገራለን። ለዚህ ከሐረር ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም።

ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. ብዙውን ጊዜ በሐረር፥ በድሬዳዋና በጅጅጋ በኩል ያሳልፉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ግዛት ሻሯቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. እርሳቸው በሐረር ሳሉ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱና ጳጳሱ ተሰብስበው ከአልጋ አወረዷቸው። ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሰልመዋል የሚል ነበር። ከክሱ ጋር ተያይዞም ልጅ ኢያሱ እንደ እስላም ባላባት ለብሰውና ጥምጥም ጠምጥመው ስለሚታዩባቸው ፎቶግራፎች ብዙ ተነገረ። አንዳንዱ ሥዕሎቹ እውነተኛ ናቸው ሲል፥ ሌላው ጠላቶቻቸው በፎቶግራፍ አንሺ እጅ ቀጣጥለው ያሠሯቸው ናቸው ይላል። ክርክሩ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እኛ እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም። የምንለው ይህን ነው። ሥዕሎቹ ሁሉ እውነተኛ ናቸው ብንል እንኳ ክሱን አያስረዱም። በአገራችን ጥምጥም ቄሱም ሼሁም ይጠመጥማሉ፤ የሸዋ መኳንንትም ከባርኔጣቸው ሥር ራሳቸውን በሻሽ ያስራሉ። አንድ ገዢ በሚገዛው ሕዝብ መካከል በሕዝቡ ልብስ ሲታይ፥ አንዱ ተመልካች ሃይማኖት መለወጥ ይለዋል፤ ሌላው ሕዝብን ማክበር ይለዋል። በአዲስ አበባ መስፍን ፊት የቀረበው ሥዕልና በጅጅጋ የሶማሌ ባላባት ቤት የተሰቀለው ሥዕል አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ትርጓሜው ግን ሁለት ነው። የሚለየው በሥዕሉ ሥር የተጻፈው ወይም በቃል የተነገረው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ ማናቸውንም የቆየ ሥዕል ስናገኝ ሦስት ጥያቄ ማቅረብ እንደሚገባን ነው። ሥዕሉን ማን አነሣው? መቼና የት ተነሣ? በላዩ የተጻፈውንስ ማን፥ መቼ፥ ለማን ጻፈው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከሦስቱ ግን የሚከብደው እርሱ ነው። በሐረር «ራምቦ ቤት» የሚባለውን የታወቀ ቤት የሚጎበኝ ሰው፥ ቤቱ ከራምቦ ሞት በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን ሊቃውንት እንደሚናገሩ ሲሰማ ይገረማል። ቤት እንኳ የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ ሊኖር ከቻለ፥ ከእጅ ወደ እጅ የምትተላለፍ ወረቀት እንዴት አትሳሳት?

4. የቤተሰብ ሥዕል እንዴት ይነበባል?

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። አዲሲቱ ከተማም የነጋዴና የባለ እጅ ከተማ ሆነች። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ፎቶግራፍ መነሣት የመኳንንት ብቻ መሆኑ ቀረ። ነጋዴው፥ የመንግሥት ጸሐፊው፥ የባቡር ሠራተኛው፥ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ገንዘብ ከፍለው የሚነሡበት ጊዜ መጣ። በፎቶግራፍ ቤት ውስጥ ከኋላ ሥዕል የተሣለበት መጋረጃ፥ አንድ ወንበር፥ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፥ በጠረጴዛውም ላይ አበባ ወይም መጽሐፍ ይቀመጣል። የጥንቱ መሣሪያ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግና ሰው ከተነቃነቀ ሥዕሉ ስለሚበላሽ፥ ተነሺው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ዛሬ የአያቶቻችንን ፊት ስናይ ተቆጥተው የተነሡ የሚመስለን በአንድ ወገን ከዚህ የተነሣ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት ጥርስ ማሳየት ነውር ስለ ነበር ነው።

የቤተሰብ ሥዕል የሚነበበው ከአቀማመጥ ጀምሮ ነው። የሚቀመጠው አባወራው ወይም በዕድሜ ትልቁ ነው፤ የቀረው ይቆማል። ሁለት ሰው ተቀምጦ ከታየ የክብር እኩያሞች ናቸው፥ ወይም ባልና ሚስት ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ ልብስ ይታያል። ኩታውን ወገቡ ላይ አደግድጎ የቆመ ሰው ከተቀመጠው በታች መሆኑን በልብሱ ይናገራል። ሁሉም ኩታውን ተጎናጽፎ ከቆመ ግን የሚያደገድጉለት ሰው በመካከላቸው የለም ማለት ነው። የነጠላ ጥለት ወደ ላይ ዞሮ አንገት ላይ ከታየ ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥዕል የማንን ሞት ተከትሎ እንደ ተነሣ መጠየቅ ዘመኑን ለማግኘት ይረዳል። የሐረሪ ሴት ካገባች ጠጉሯን ከጆሮዋ ኋላ በሁለት ወገን ጠቅልላ «ጉፍታ» በሚባለው መረብ ትሸፍነዋለች፤ ስለዚህ በአንድ ሥዕል ላይ ጉፍታ ያደረገችውንና ያላደረገችውን ለይቶ ልጅና እናትን፥ ምራትና ያላገባች እኅትን መገመት ይቻላል። ካባ፥ ለምድ፥ የጎራዴ አታጣጠቅ፥ ዣንጥላ የሚይዝ ሰው መኖሩ፥ እነዚህ ሁሉ ፊደል ናቸው።

ነገር ግን ከሥዕሉ ዳር የሚቆመውን ሰው ማየት ያስፈልጋል። በመኳንንት ሥዕል ዳር ብዙ ጊዜ ጋሻ ጃግሬው ይቆማል። በነጋዴ ቤት ሥዕል ዳር ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው፥ ሕፃኑን የታቀፈችው ሞግዚት፥ ከገጠር መጥቶ የሚያድግ ዘመድ ይታያል። የሥዕሉ ባለቤት ስም ሲጽፍ የሚጽፈው ከመካከል ጀምሮ ነው፤ ዳር ሳይደርስ ቀለሙ ያልቅበታል።

ለምሳሌ ያህል ከምናውቀው ከአንድ የሐረር ቤት ያለውን ሥዕል እንጥቀስ። በ1947 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተነሣ ነው፤ ዘጠኝ ሰዎች ይታዩበታል። ከጀርባው በወይን ጠጅ ቀለም የአራት ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ይኸውም የአባወራው፥ የሚስቱና የሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ነው። ሴቶች ልጆቹ አልተጻፉም። በስተግራ ዳር ቀጭን ወጣት ቆሟል፤ እግሩ ባዶ ነው፥ ኩታውን አደግድጓል። ዛሬ በሕይወት ያሉት፥ በሥዕሉ ላይ ትንሽ ልጅ ሆነው የሚታዩት አሮጊት ስለ ወጣቱ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሰጡት መልስ «እሱማ የቤት ሰው ነበር» የሚል ብቻ ነበር። ሲጠየቁ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ተገለጠ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር በቀረበ ጊዜ ቤተሰቡ ከተማውን ለቅቆ ሲሄድ ቤቱን ለመጠበቅ የቀረው ይኸው ሰው ነው። የቤቱን ወረቀትና ሥዕሎቹን በሣጥን አድርጎ መሬት ቀብሮ ያቆየው እርሱ ነው። የአራቱ ሰዎች ስም እስከ ዛሬ የተነበበው በእርሱ ድካም ነው። የእርሱን ስም አሮጊቷ ያስታወሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ የአባቱን ስም ግን ሊያስታውሱ አልቻሉም። አሁን የእርሱም፥ የሴቶች ልጆቹም ስም ከጀርባው በእርሳስ ተጽፏል።

ይህ ነገር ለአንድ ቤት ብቻ የሚሆን ነው ብለን አናምንም። አበው «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ይላሉ። ስሙ እንዲውል ግን የሚያውለው ሰው ያስፈልጋል።

5. ስም የሚጠፋበት መንገድ

የስም መጥፋት በቸልታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሌሎች ምክንያቶችም አሉት።

አንደኛው የስም አወጣጣችን ነው። በአገራችን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለም። ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ወይዘሮ እገሊት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማን ልጅ እንደ ሆነች ለመለየት ያስቸግራል። በዚህም ላይ አንድ ሰው ብዙ ስም አለው። ክርስቲያኑ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ ተፈሪ የዓለም ስም፥ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መኰንኑ የፈረስ ስም አለው። ሃይማኖት የለወጠ ሰው ስሙም ይለወጣል። ሐረርን በመሰለ አገር አንድ ሰው በገበያ በአንድ ስም፥ በቤቱ በሌላ ስም ሲጠራ መኖሩ የተለመደ ነበር።

ሁለተኛው የመንግሥት መለዋወጥ ነው። በ1967 ዓ.ም. ዘውዳዊው መንግሥት ከወደቀ በኋላ የመኳንንት ማዕረግ የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳ ላይ መስቀል የሚያስፈራ ሆነ። ብዙ ሥዕል ከግድግዳ ወርዶ ሣጥን ገባ፤ አንዳንዱም በእሳት ጠፋ። ሥዕሉ ሲደበቅ ወሬውም አብሮ ይደበቃል። ልጆች «ይህ ማነው?» ብለው የሚጠይቁት በዓይናቸው የሚያዩትን ነውና፥ ሣጥን ውስጥ ስላለው ሳይጠይቁ አደጉ።

ሦስተኛው ስደት ነው። ከሐረር ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሄደው ሰው ብዙ ነው። ሲሄድም ሥዕሉን ከፋፍሎ ወሰደ። አሁን ከአንድ ሥዕል አንዱ ቅጂ ቶሮንቶ፥ አንዱ ቅጂ ሐረር ሊገኝ ይችላል፤ ስሙን የሚያውቁት እናት ግን በአንዱ ቦታ ብቻ ናቸው።

አራተኛው የዘመናችን ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው በስልኩ የጥንት ሥዕል አንሥቶ ለዘመዱ ይልካል። ይህ መልካም ነው፤ ግን የሚነሣው የፊቱ ገጽ ብቻ ነው። የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም፥ ቀኑ፥ የተጻፈው ስም ያለው ጀርባው ላይ ነው። ፊቱ በሺህ ስልክ ሲባዛ ጀርባው በአንድ ቤት ይቀራል፤ ያም ቤት ሲፈርስ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

የተጀመረ መልካም ሥራ አለ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ ከ1867 እስከ 1935 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተነሡትን የአገራችንን ሥዕሎች ሰብስበው በ1996 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በመጽሐፍ አሳትመዋል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሥዕሎችን ይሰበስባል። በሐረር በጁገል ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በራሳቸው ድካም ያቋቋሙት የግል ቤተ መዘክር ከብራና መጻሕፍትና ከገንዘብ ጋር የከተማዪቱን ሥዕሎች ያሳያል። በአዲስ አበባም ጥቂት ወጣቶች የየቤተሰቡን ሥዕል ከነታሪኩ ሰብስበው ለሕዝብ አቅርበዋል። ነገር ግን ቤተ መዘክር የሚጠብቀው የተሰጠውን ነው። ያልተጻፈውን ስም ሊጽፍ አይችልም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዶ ፊቱንም ጀርባውንም ማንሣት ነው። የተጻፈውን እንዳለ መገልበጥ፥ ስሕተት ቢመስለንም አለማረም፥ እርማታችንን ለብቻው መጻፍ ነው። ከሥዕሉ ጋር የተጣበቀ ወረቀት ካለ አለመላጥ ነው። አዲስ ስም ሲጨመር በቀለም ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፥ ፊት በሌለበት በኩል መጻፍ፥ የነገረንን ሰው ስምና ቀኑንም መጨመር ነው። ምስክርነቱን ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ቢቻል ለየብቻቸው ከተጠየቁ ሁለት ሰዎች መውሰድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄውን ከመካከል ሳይሆን ከዳር መጀመር ነው። በመካከል የተቀመጠውን ሰው ሌላ ወረቀትም ያነሣዋል፤ በዳር የቆመውን የሚያነሣው ይህ ሥዕል ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሐረር ሥዕሎች በፈረንሳይም፥ በስዊስም፥ በኦስትሪያም በክብር ተቀምጠዋል። ወረቀቱን እነርሱ በደንብ ይጠብቁታል። ስሙ ያለው ግን በእነርሱ ዘንድ አይደለም፤ በሐረር፥ በድሬዳዋ፥ በጉርሱምና በጨርጨር በየቤቱ ባሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። እነርሱም በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ወረቀቱ ይጠብቀናል፤ እነርሱ ግን አይጠብቁንም።